ጌም ኮምፒውተር ልትገጣጥሙ ነው? ፓወር ሰፕላዩ ላይ አትቆጥቡ

በመካከለኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር የምትገጣጥሙ ከሆነ መጀመሪያ የግራፊክስ ካርዱን ምረጡ። ሌላው በሱ ልክ ይመረጣል። ብዙ ሰው ውድ ፕሮሰሰር ይገዛና ለካርዱ ብር ያጥረዋል። ለጌም ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ወይም 7600፣ በቂ ነው። 5600 በዲዲአር 4 ራም ነው የሚሠራው፤ 7600 ደግሞ ዲዲአር 5 ብቻ ነው የሚቀበለው። ማዘርቦርድ ስትገዙ ይህን አትርሱ።

ራም ላይ ባለ 16 ጊጋ አንድ ፍሬ ከመግዛት ባለ 8 ሁለት ፍሬ ይሻላል። ማዘርቦርዱ አራት መሰኪያ ካለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው የሚሰኩት።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ወደሚያከፋፍለው ሳጥን። እኔ ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣውን ርካሽ ነገር ተጠቀምኩ። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጧ! አለና ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ያተረፍኳትን ብር እጥፍ አድርጌ ከፈልኩ። አርቲኤክስ 4060 የሚባለው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ራሱ 115 ዋት ገደማ ነው የሚበላው፤ ኤንቪዲያ ግን ለሙሉ ኮምፒውተሩ 550 ዋት ይመክራል። ስም ያለው፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ (ኤሌክትሪክ ብዙ እንደማያባክን የሚያሳይ ምልክት) የተጻፈበት ግዙ። የኬዙ ባለቀለም መብራት ይቅርባችሁ።

ሌላ፣ የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ሰኩት እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ስቄ አይደለም፣ እኔም ሰክቼዋለሁ።