አፓርትመንቱ «ተይዟል» ሲሏችሁ ምን ማድረግ አለባችሁ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ)

እህቴ አንድ አፓርትመንት ደወለች። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ አክሰንቷ ግን ሐበሻ መሆኗን ወዲያው ያስታውቃል። «በጣም ይቅርታ፣ ትናንት ተይዟል» አሏት፣ በትህትና ነው ደግሞ። ከ20 ደቂቃ በኋላ አብራት የምትሠራ ነጭ ልጅ ስለዛው ባለአንድ መኝታ ቤት ስትደውል «መቼ መጥተሽ ታዪዋለሽ?» ተባለች። እህቴ «ተዪው፣ እሱ ያላለው ነው» ብላ ልታልፈው ነበር። እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱ ነገር መታለፍ የለበትም ነው የምለው፣ ምክንያቱም ዛሬ የሚከለክላችሁ ሰው አይሰድባችሁም፣ ፈገግ ብሎ ነው የሚመልሳችሁ፣ ስለዚህ በእጃችሁ የሚቀረው የያዛችሁት ማስረጃ ብቻ ነው።

ይሄ የአንድ ሊሲንግ ኤጀንት ጸባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1930ዎቹ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የቤት ብድር መሥሪያ ቤት የከተሞችን ካርታ በቀለም ከፋፍሎ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር ቀይ ይቀባ ነበር፣ ቀይ ማለት እዚህ ማበደር አደጋ አለው ማለት ነው። ዛሬ እንጀራ የምንገዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ እንኳን በድሮ ውሎቹ ላይ ለጥቁር አይሸጥም አይከራይም የሚል አንቀጽ የነበረባቸው ብዙ ቤቶች አሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤት አያስፈጽምም ብሎ ወሰነ፣ ግን አድልዎው አልቆመም። ዊሊ ሜይስን የሚያክል የቤዝቦል ኮከብ በ1957 ሳንፍራንሲስኮ ላይ ቤት ሊገዛ ሲል ጎረቤቶች ባለቤቱን ተጭነው መጀመሪያ አስከልክለውት ነበር፣ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ከተማው ሲያፍር ነው የተሸጠለት። ሜዳ ላይ እያጨበጨቡለት ጎረቤት እንዲሆን ግን አልፈለጉም። ቤት ላይ አድልዎ የሚከለክለው የፌደራል ሕግ የወጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው፣ ሚያዝያ 1968 በፈረንጅ።

ሕጉ ዘርን፣ የቆዳ ቀለምን፣ የትውልድ አገርን፣ ሃይማኖትን፣ ጾታን፣ አካል ጉዳትንና ልጅ ያለው መሆንን ይሸፍናል።

አሁን ወደ ሥራው። ስልኩን እንደዘጋችሁ፣ ነገ ሳትሉ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያናገራችሁን ሰው ስምና ያለውን ቃል በቃል ጻፉ። ሰዓቱን በፈረንጅ አድርጉት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ብላችሁ ጽፋችሁ በኋላ 2 ፒኤም ማለቴ ነው ብትሉ መዝገቡ ይምታታል። ቤቱ ዌብሳይታቸው ላይ አሁንም ክፍት ነው የሚል ከሆነ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ከዛ አጭር ኢሜይል ላኩ፣ «ዛሬ ደውዬ ባለአንድ መኝታው ተይዟል ብላችሁኛል፣ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ አረጋግጡልኝ» በቃ፣ ክስ የለ ቁጣ የለ። መለሱም አልመለሱም ወረቀት ላይ ገባ ማለት ነው። ደግሞ ስልክ መቅዳት ካሰባችሁ ተጠንቀቁ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ የእናንተ ፈቃድ ብቻ ይበቃል፣ ሜሪላንድ ግን የሁለታችሁም ፈቃድ ካልኖረ መቅዳቱ ራሱ ወንጀል ነው።

ቀጥሎ ሌላ ሰው ይደውል። ገቢያችሁና የምትፈልጉት ቤት ተመሳሳይ ይሁን፣ የምትገቡበት ቀንም እንደዛው፣ አለበለዚያ «ክሬዲቱ ይሻላል ብለን ነው» ብለው ያመልጣሉ። የዲሲው ኢኩዋል ራይትስ ሴንተር የመሰሉ ድርጅቶች ይሄን ፈተና ራሳቸው በሠለጠነ ሰው ይሠሩታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1982 ቤት መከራየት ሳይፈልግ ለመፈተን ብቻ የሄደ ሰው ውሸት ከተነገረው መክሰስ ይችላል ብሏል።

ማመልከቻ የምታስገቡት ለፌደራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ለሃድ ነው፣ ወይም ለካውንቲያችሁ የሰብአዊ መብት ቢሮ። ገንዘብ አያስከፍልም፣ ጠበቃም አያስፈልግም። ለሃድ 1 ዓመት አላችሁ፣ በቀጥታ የፌደራል ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ 2 ዓመት። አሁን የምትኖሩበትን ቤት አከራይ ከሳችሁ በዛ ምክንያት ኪራይ ቢጨምር ወይም ሊያስወጣችሁ ቢሞክር እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው። ቫውቸር (መንግሥት ኪራይ የሚያግዝበት ድጎማ) ያላችሁም «ቫውቸር አንቀበልም» ማለት በሦስቱም ቦታ በሕግ ተከልክሏል፣ አንዳንድ ትንንሽ አከራዮች ግን ከዚህ ውጭ ስለሆኑ ጠይቁ።

አድልዎው ሥራ ላይ ከሆነ ቢሮውም ቀኑም ይለያል። የሚሄደው የሥራ አድልዎን ለሚመለከተው የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ለኢኢኦሲ ነው፣ በኛ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ 300 ቀን አላችሁ፣ የፌደራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ግን 45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን አማካሪ ማናገር አለባችሁ። ብዙ ሰው 45ቱ ቀን አልፎበት ነው የሚቀረው። በአክሰንት ምክንያት ብቻ እድገት መከልከልም አይቻልም፣ አነጋገራችሁ ሥራውን በእውነት የሚያደናቅፍ ካልሆነ በቀር።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ደግሞ የራሳችን ማስታወቂያ ነው። ቤዝመንት ስናከራይ «ለሐበሻ ብቻ» ብለን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን፣ ክፋት አስበን አይደለም፣ ቋንቋና ምግብ አስበን ነው። ግን የትውልድ አገር መርጦ ማስታወቂያ ማውጣት በዛው ሕግ ክልክል ነው፣ የምትኖሩበት የራሳችሁ ቤትም ቢሆን። የክፍሉን ስፋት፣ ኪራዩን፣ ፓርኪንግና ባስ መኖሩን ጻፉ፣ «ለሐበሻ ብቻ» የሚለውን አጥፉት።

እህቴ በዛው ሳምንት ነው ፎርሙን የሞላችው። ያን ቀን ማታ ኪችን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ የጻፈችውን ወረቀት ከፊቷ አድርጋ፣ ስሙንም ሰዓቱንም ከሱ ላይ እየገለበጠች ሞላችው።