በታንኳ ወይም በካያክ ዘና ብሎ ወንዝ ለመውረድ

ዘና ያለ የወንዝ ጉዞ የሚሰምረውም ሆነ የሚበላሸው በአብዛኛው ታንኳው ውኃ ከመንካቱ በፊት ነው። የወንዞች አስቸጋሪነት በዓለም አቀፍ መለኪያ ከ1 እስከ 6 በደረጃ የሚመደብ ሲሆን፣ ለመዝናናት የሚወጣ ሰው፣ በተለይም ጀማሪ ከሆነ፣ ከደረጃ 1 ባያልፍ ይመረጣል፤ በዚህ ደረጃ ሞገዱ ትንሽ ነው፣ እንቅፋቱም ከሩቅ ይታያል። ይሁንና የውኃው መጠን በተለወጠ ቁጥር ደረጃውም ስለሚለወጥ፣ በሰሞኑ ወንዙን ያየ ሰው መጠየቅ ከማንኛውም የቆየ መረጃ ይበልጣል። ውኃው ደፍርሶና ከፍ ብሎ፣ ግንድና ቅጠል እያግበሰበሰ የሚወርድ ከሆነ፣ እርስዎ ያሉበት ሰማይ የጠራ ቢሆንም እንኳ ከላይ ዘንቧልና ጉዞውን ለሌላ ቀን ያስተላልፉ።

በእርጋታ የሚቀዝፍ ሰው በረጋ ውኃ ላይ በሰዓት 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍሰቱ ይህን ፍጥነት ሲጨምረው ከፊት የሚነፍስ ነፋስ ይቀንሰዋል፤ ማረፊያው ሲታሰብ ለአንድ ቀን ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር በቂ ነው። ከወንዙ መሐል ሲታይ ዳርቻው ሁሉ አንድ ስለሚመስል፣ የመውጫውን ቦታ አስቀድሞ ሄዶ ማየትና ምልክት መያዝ ያስፈልጋል። ሁለት መኪና ካለ አንዱን እዚያው አቁሞ መምጣት ነው፤ የእርሱን ቁልፍ መነሻው ላይ በቀረው መኪና ውስጥ ረስቶ ወንዝ መውረድ ግን ከሚጠበቀው በላይ የተለመደ ነገር ነው።

ጭነት ለሚበዛበትና ሁለት ሆኖ ለሚጓዝ ሰው ክፍቱ ታንኳ ይመቻል፤ ብቻውን ለሚሄድ ደግሞ ሁለቱም ጫፎቹ ጠፍጣፋ በሆኑ መቅዘፊያ የሚነዳው ጠባብ ጀልባ፣ ካያክ፣ ለመምራት ይቀላል። በሁለቱም ላይፍ ጃኬቱ በልክ ተመርጦና ማሰሪያው ተቆልፎ ይለበሳል፤ ከመቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ታንኳው ሲገለበጥ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሄዳል። ፊሽካ፣ የመጠጥ ውኃ፣ እርጥበት በማያስገባ ከረጢት የታሸገ ቅያሪ ልብስና ስልክም አይቅር። ልብስ የሚመረጠው ለአየሩ ሳይሆን ለውኃው ቅዝቃዜ ነው፤ የሙቀት መጠኑ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ትንፋሹ ስለሚቆራረጥ ዋናተኛም ቢሆን ሊሰጥም ይችላል።

ወደ ታንኳው ሲገቡ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ጠርዙን ይዘው፣ እግርዎን መሐል ለመሐል ያሳርፉ፤ ቆሞ መራመድ ወይም ጠርዙን መርገጥ ወዲያው ይገለብጣል። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ወደ መሐል ይቀመጣል። ሁለት ሰዎች ሲቀዝፉ የፊተኛው ምቱን ያስተካክላል፣ የኋለኛው አቅጣጫውን ይመራል። ክንድ ብቻውን ቶሎ ስለሚዝል፣ መቅዘፊያው በእግር ጣቶች አቅጣጫ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ወገብ እየዞረ እስከ ዳሌ ይሳባል፤ ከዚያ በኋላ መጎተት ድካም ብቻ ነው።

ፍሰቱ ራሱ ስለሚወስድዎት ዋናው ሥራ ውኃውን ማንበብ ነው። ከፊት ለፊት ጫፉ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ የሚያመለክት የቀስት ቅርጽ ውኃው ላይ ካዩ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለው ጥልቅ መተላለፊያ እርሱ ነው፤ ጫፉ ወደ እርስዎ ከዞረ ግን ከሥሩ ድንጋይ ተደብቋል። በትልቅ ድንጋይ ኋላ ውኃው ይረጋል፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይመለሳል፤ እዚያ ገብቶ ማረፍና ቀጣዩን መንገድ ማየት የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው። በመታጠፊያ ላይ ውኃው በውጭው ዳር ይፈጥናል፣ ዳርቻውንም እየሸረሸረ ዛፍ ይጥላል፤ ስለዚህ መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ወደ ውስጠኛው ወገን መጠጋት ይሻላል።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ለስላሳ ወንዝ ነው። የወደቀ ዛፍ ውኃውን በቅርንጫፎቹ መካከል ሲያሳልፍ ሰውንና ታንኳን ግን ይዞ ያስቀራል። ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ መስመር ብቻ የሚመስል ዝቅተኛ ግድብም ከሥሩ የሚሽከረከረው ውኃ የወደቀበትን ሰው መልሶ መላልሶ ያሰጥማል። ሁለቱም በሩቁ ሲታዩ ወደ ዳር ወጥቶ ታንኳውን በመሬት ተሸክሞ ማለፍ እንጂ መሞከር አይገባም።

ታንኳው በጎኑ ድንጋይ ላይ ከተለጠፈ ወደ ድንጋዩ ያዘንብሉ፤ ተቃራኒው ውኃ ያስገባል። ከተገለበጡ በታንኳውና በድንጋይ መካከል እንዳይገቡ ከታንኳው በላይ፣ ውኃው በሚመጣበት በኩል ይሁኑ፤ በጀርባ ተንጋልለው፣ እግርዎን ወደ ፊት ከፍ አድርገው፣ ወደ ዳር ይዋኙ። በሚፈስ ውኃ ውስጥ እግር በድንጋዮች መካከል ሊሰነቀር ስለሚችል፣ ጥልቀቱ ከጉልበት በታች ሳይሆን ለመቆም አይሞክሩ። ዳር ከወጡ በኋላ ውኃውን ከታንኳው አፍስሰው፣ ደረቅ ልብስ ለብሰውና ሙቀትዎ ተመልሶ ካልሆነ በቀር ጉዞውን አይቀጥሉ።