የአትላስ ተራራ ጌኮን ሳይረብሹ እንዴት መመልከት ይቻላል

በሞሮኮ የከፍተኛው አትላስ ተራሮች ላይ ኬደንፌልድቲያ ትራኪብሌፋሩስ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቅ፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ጌኮ የተባለ የእንሽላሊት ዓይነት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1874 በሳይንስ የተመዘገበ ቢሆንም ከተራራው ውጭ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። በቆላ ከተሞቻችን ማታ ማታ አምፖል ዙሪያ ነፍሳት ሲያድኑ ከምናያቸው ጌኮዎች በተለየ ይህኛው በቀን ይንቀሳቀሳል፤ የተራራው ሌሊት እጅግ ቀዝቃዛ በመሆኑ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይና ፀሐይ ካሞቀችው ዐለት ነው።

በመጀመሪያ ቦታውንና ቀኑን ይምረጡ። ጌኮው እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ቢገኝም ጀማሪ ተመልካች ወደ አትላስ ከፍተኛው ተራራ ወደ ቱብካል ጫፍ መውጣት አያስፈልገውም፤ ከማራካሽ በስተደቡብ የሚገኘውና መኪና የሚደርስበት ኡካይመደን የተባለ ሥፍራ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ የጠራበትና ነፋስ ያልበረታበት ቀን ተመራጭ ነው።

ቀጥሎ ስንጥቅ የበዛበትና የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ዐለት ይፈልጉ። ጥላዎ ዐለቱ ላይ እንዳያርፍ ጥቂት ሜትሮች ርቀው ይቀመጡና ስንጥቆቹን አንድ በአንድ ሩቁን በሚያቀርብ መነጽር ይቃኙ። ቆዳው ከድንጋዩ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው ከስንጥቁ ብቅ የሚለው ጭንቅላቱ ነው፤ ስለዚህ ትዕግሥት ከመሣሪያ ይበልጣል።

እንስሳው ሲወጣ ዓይኑንና ጣቶቹን ያስተውሉ። በዚያው አካባቢ የሚኖሩ ሌሎች እንሽላሊቶች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ጌኮው ግን የሚከደን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን በምላሱ እየላሰ ያጸዳል። ጣቶቹም ቀጫጭንና ባለ ጥፍር ናቸው፤ የሜዲትራኒያን የግድግዳ ጌኮ ያለው ዓይነት ሰፊ ተለጣፊ መዳፍ የላቸውም። ኬደንፌልድቲያ ሞሬንስ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ዝቅ ባሉ ሥፍራዎችም ስለሚኖር የቦታው ከፍታ ሁለቱን ለመለየት የመጀመሪያ ፍንጭ ይሰጣል።

አጥብቄ የማሳስበው ስንጥቁን ስለመጠበቅ ነው። ሴቷ በአንድ ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ሴቶች እንቁላላቸውን የሚያኖሩት በአንድ ስንጥቅ ውስጥ በመሆኑ፣ ለማየት ጓጉቶ ድንጋይ የገለበጠ ወይም ስንጥቁን በእንጨት የጎረጎረ ሰው የብዙ እናቶችን ዘር በአንድ ጊዜ ሊያበላሽ ይችላል። በእጅ መያዝም አይገባም፤ የተያዘ ጌኮ ጅራቱን ጥሎ ያመልጣል፣ አዲስ ጅራት ለማብቀልም በአጭሩ የሙቀት ወራት ያከማቸውን ስብ ለማውጣት ይገደዳል። ወደ ስንጥቁ ከተመለሰ አይከተሉት፤ ሌላ ዐለት ይፈልጉ።

በመጨረሻ ያዩበትን ቀንና ሰዓት፣ የቦታውን ከፍታ፣ ዐለቱ የዞረበትን አቅጣጫና የአየሩን ሙቀት ይመዝግቡ። የአየር ንብረቱ ሲሞቅ ጌኮው ወደ ላይ እየሸሸ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ከውብ ፎቶግራፍ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ መረጃ ነው።