«የጎረቤት መሬት እስኪጸድቅ ይቆይልን» ስትሉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ከአልሚዎች፣ ማለትም መሬት በሊዝ ወስደው ሕንፃ ከሚሠሩ ሰዎች፣ ጋር የምንሠራ ሰዎች እጅ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ደጋግሞ ይገባል። «በውላችን መሠረት የመዳረሻ መንገዱንና የጎርፍ መውረጃውን የመሥራት ግዴታ አለብን፤ ሆኖም አጠገባችን ያለው መሬት የአጠቃቀም ለውጡ ገና ስላልጸደቀ ግዴታው ይቆይልን» ይላል።

ጥያቄው ምንም ነውር የለበትም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ትክክል ነው። የጎረቤት መሬት ዛሬ እርሻ ሆኖ ነገ ቅይጥ አገልግሎት (መኖሪያም ንግድም) ከተባለ የመንገዱ ስፋት ይለወጣል፣ ሌቭሉ (ከፍታው) ይለወጣል፣ ቱቦው የሚሸከመው ውሃም ይለወጣል። ዛሬ ያነጠፋችሁት ኮብልስቶን ነገ በዶማ ይነሳል። ስለዚህ መጠየቁን አልቃወምም። የምቃወመው አጠያየቁን ነው፣ ከተፈቀደ በኋላ የሚመጣውን መዘናጋት ደግሞ ይበልጥ።

ቀን የሌለው ማራዘሚያ

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው። ደብዳቤው «የአጎራባቹ መሬት እስኪጸድቅ ድረስ» ብሎ ያልቃል። ደብዳቤው የገባበት የከተማው ቢሮ ይቀበላል፣ ማህተም ይመታል። አልሚው እፎይ ብሎ ማሽኑንም ሠራተኛውንም ወደ ሌላ ሳይት ያዞራል። ቆይ፣ ባይጸድቅስ? ጥያቄው ውድቅ ቢደረግስ? ባለይዞታው ሐሳቡን ቢቀይር፣ ወራሾች ፍርድ ቤት ቢካሰሱ፣ ወይም የከተማው ፕላን ክለሳ ላይ ነው ተብሎ ማመልከቻው ሁሉ ቢቆምስ? የከተማው መሬት የቱ ለምን እንደሚውል የሚያሳየው መዋቅራዊ ፕላን የሚዘጋጀው ለ10 ዓመት ነው። ሲከለስ ጥናት አለው፣ የሕዝብ ውይይት አለው፣ የምክር ቤት ውሳኔ አለው። የእናንተ ግዴታ እናንተ ባላመለከታችሁበት፣ ልታፋጥኑት በማትችሉት፣ አልፎ አልፎም መዝገቡን እንኳ ለማየት በማይፈቀድላችሁ ጉዳይ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ለአልሚው የሚጠቅመው የሚመስለው ሰው አለ። አይጠቅምም! ደብዳቤውን የፈረመው ኃላፊ ይቀየራል። አዲሱ ፋይሉን ይከፍታል፣ መንገድ የለም፣ ቦይ የለም፣ ቀንም የለም። በእሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «ግዴታውን ያልተወጣ አልሚ» ትላላችሁ። ሕንፃው አልቆ የመጠቀሚያ ፈቃድ ልትጠይቁ ስትሄዱ ይህ ከፊታችሁ ይቆማል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ማራዘሚያው ሁለት ጫፍ ይኑረው። አንደኛው፣ በጎረቤት መሬት ላይ ውሳኔ በተሰጠ በዚህን ያህል ወር ውስጥ እንሠራለን የሚል። ሁለተኛው፣ ውሳኔ ቢሰጥም ባይሰጥም ከዚህ ቀን አናልፍም የሚል። ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ቀን ይይዛል። ከዚያ ሦስቱንም ዕድል ጻፉ፦ ከጸደቀ ምን ትሠራላችሁ፣ ተሻሽሎ ከጸደቀ ምን፣ ውድቅ ከሆነ ምን። ለሦስተኛው አሁን ባለው ፕላን የተሠራ ዲዛይን ይዛችሁ ቅረቡ። ከሦስት ወረቀት አይበልጥም፤ ግን ይህን አድርጎ የሚመጣ አልሚ በጣም ጥቂት ነው።

ውሃውንም አብሮ ማዘግየት

አዳማን የሚያውቅ ሰው አቀማመጧን ያውቃል። ዙሪያዋ ኮረብታ ነው፣ እሷ ጎድጓዳው ውስጥ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ መሃል ከተማ ይገባል። አፈሩ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ የበዛበት ልል አፈር ነው፤ ውሃ አንዴ መስመር ካበጀበት እየቦረቦረ ገደል ያደርገዋል። ይህን እያወቁ «መንገዱም ቦዩም ይቆይ» ብለው በአንድ መስመር የሚጽፉ ሰዎች አሉ።

ዳገት ሥር የነበረ አንድ ሳይት አልረሳም። አልሚው ሁለቱንም አዘገየ። ምክንያቱ በወረቀት ላይ አሳማኝ ነበር፤ የውሃው መውጫ በጎረቤት መሬት ማለፍ ነበረበት፣ የጎረቤቱ መሬት ደግሞ ውሳኔ እየጠበቀ ነበር። አፓርታማው ግን አልዘገየም። ጣሪያው ተመታ፣ ግቢው ኮንክሪት ሆነ። ድሮ አፈሩ ይመጠው የነበረው ዝናብ አሁን እንዳለ መፍሰስ ጀመረ። ክረምት ሲገባ የጎረቤቱን ማሳ ሰንጥቆ ታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ገባ። ለእይታ ስንሄድ አንዲት እናት በር ላይ ጭቃ እየዛቁ አገኘናቸው። «ልጄ፣ እኔ ፕላን ምናምን አላውቅም። ይህ ውሃ ግን ድሮ እዚህ አይመጣም ነበር» አሉኝ። ምን ይመለሳል? አልሚው ካሳ ከፈለ፣ የድጋፍ ግንብ ሠራ፣ ቦዩንም በመጨረሻ ሠራው። ቀድሞ ቢሠራው ኖሮ ከወጪው አብዛኛው ባልመጣ ነበር። የእኚህ እናት ፍራሽና እህልም ባልበሰበሰ።

ስለዚህ ለያዩት። ሊዘገይ የሚችለው ማጠናቀቂያው ነው፦ አስፋልቱ ወይም ኮብልስቶኑ፣ የእግረኛ መንገዱ፣ የመንገድ መብራቱ፣ መጠኑ በጎረቤት መሬት የሚወሰነው ዋናው ቱቦ። የማይዘገየው ደግሞ ውሃው ሰው ሳይጎዳ የሚወጣበት ጊዜያዊ መስመር ነው። በድንጋይ የተለበጠ ቦይ ሊሆን ይችላል። መውጫ ከሌለ ከግቢያችሁ የሚወጣውን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ኩሬ ይሁን። መንገዱም ቢሆን ገረጋንቲ ለብሶ፣ በሮለር ተጠቅጥቆ፣ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ የሚያስገባ ይሁን። ሰው ከገባበት ሕንፃ ላይ ይህን ማዘግየት አይቻልም፤ ቢሮው ቢፈቅድም እናንተ አታድርጉት።

የሊዝ ሰዓቱ የቆመ መምሰል

አንድ ግዴታ ተራዘመ ማለት ሁሉም ተራዘመ ማለት አይደለም። የሊዝ ውል ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት የራሱ ጊዜ አለው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ማጠናቀቂያውን ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር አድርጎ ነበር ያስቀመጠው። ለዚያ ማራዘሚያ የሚጠየቀው ለብቻው ነው፣ ገደብም አለው። ሕግ ስለሚሻሻል የእናንተ ውል በየትኛው አዋጅና መመሪያ እንደሚገዛ በሕግ ባለሙያ አስነብቡ። የሊዝ ክፍያውም በጊዜው ይከፈላል። «መንገዱ ቆይቷል፣ ስለዚህ ሕንፃውም ይቆያል» ብሎ የተቀመጠ ሰው መሬቱን ለመነጠቅ በር እየከፈተ ነው።

የቃል ተስፋ

«ኃላፊው ችግር የለም ብለውኛል።» ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ከሌለ አልተፈቀደም። አለቀ።

በዛሬ ዋጋ ማሰብ

ግዴታው ሲዘገይ ቢሮው ብዙ ጊዜ ዋስትና ይጠይቃል፣ መጠየቁም ተገቢ ነው። ስህተቱ የዋስትናው መጠን ደብዳቤው በተጻፈበት ቀን ዋጋ ተሰልቶ መቅረቱ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ የሥራና የዋጋ ዝርዝር ብረት ሊገዛ የሄደ ሰው ምን እንደገጠመው ያውቃል። የዋጋ ማስተካከያ ይግባበት፣ በየዓመቱ ይከለስ። ሁለተኛ፣ የባንክ ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን ከማራዘሚያው ቀን እንዳይቀድም ተጠንቀቁ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የዋስትናው ጊዜ አልፎ ግዴታው ሳይፈጸም የቀረበት ፋይል ሲገኝ ቢሮው ሁለተኛ አያምናችሁም፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውንም አልሚ አያምንም።

ለመንገዱ የተተወውን ቦታ መያዝ

ቦታው ባዶ ሆኖ ሲታይ እጅ ያሳክካል መሰለኝ። መጀመሪያ የጥበቃ ቤት ይቀመጥበታል። ከዚያ ጄኔሬተር። ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሴፕቲክ ታንክ። መንገዱ የሚሠራበት ቀን ሲመጣ ለማፍረስ ገንዘብም ልብም የለም። ድንበሩን በሰርቬየር አስለኩ፣ ችካል ትከሉ፣ ከዛፍ በቀር ምንም አታስገቡበት። ዛፉም ሥሩ የማይርቅ ይሁን።

ለገዢው አለመንገር

ወጣት አልሚዎች፣ እናንተን በጣም እወዳችኋለሁ፣ ሥራችሁንም አከብራለሁ። ግን ይህን አታድርጉ። ገዢ ቤት ሲያይ ከፊት ለፊቱ ያለውን መንገድ ያልቃል ብሎ ነው የሚከፍለው። ብዙዎቹ ከውጭ አገር ሠርተው የላኩት፣ ወይም ዕድሜ ልክ ያጠራቀሙት ነው። መንገዱ የዘገየ መሆኑን፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ወጪውም የማን እንደሆነ የሽያጭ ውሉ ላይ ጻፉ። የተነገረው ሰው ይታገሣል። ያልተነገረው ሰው ይከሳችኋል፣ መብቱም ነው።

በአንድ ቋንቋ ብቻ መጻፍ

የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ደብዳቤያችሁ በአማርኛ ብቻ ሄዶ ትርጉም አምጡ ተብሎ ከተመለሰ ቢሮውን አትውቀሱ። መጀመሪያውኑ በአፋን ኦሮሞ፣ ቋንቋውንም ሥራውንም በሚያውቅ ሰው አስጽፉ።

ጎረቤትን ሳያናግሩ ስለ ጎረቤት መጻፍ

የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሙሉው ማመልከቻ ስለ ጎረቤት መሬት ነው፣ ጎረቤቱ ግን አልሰማም። ሂዱና አናግሯቸው። ብዙ ጊዜ አባወራው አዛውንት ገበሬ ናቸው፣ ወይም ልጆቻቸው ናቸው ጉዳዩን የያዙት። አክብራችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ፣ ሽማግሌ ካስፈለገም ይዛችሁ ግቡ። ማመልከቻቸው የት ደርሷል? የባለሙያ ምርመራ ላይ ነው ወይስ ለውሳኔ ተልኳል? የጠየቁት ምን ዓይነት አገልግሎት ነው? ይህን ሳታውቁ የምትጠይቁት ጊዜ ግምት ነው።

ከዚያ ሁለታችሁም በምትስማሙበት ሰርቬየር የድንበሩን ሌቭል አስወስዱ። መንገዱ በየትኛው ከፍታ እንደሚገናኝ፣ ውሃው በማን በኩል እንደሚያልፍ፣ ጊዜያዊው ቦይ ማሳቸውን ከነካ ምን እንደሚከፈላቸው በጽሑፍ ተስማሙ። ስምምነቱን ተፈራረሙና አንዱን ቅጂ ቢሮው ባለው በእናንተ ፋይል፣ ሌላውን በእሳቸው ፋይል አስገቡ። ወረቀቱ የገባበትን የመዝገብ ቁጥርም ከሁለቱም ላይ ያዙ።