አሮጌ የእንጨት ዕቃ ላይ ቀለም አልለቅ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ቡራዩም ሂዱ ዓለም ገና፣ አዲስ ቤት የገባ ሰው ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ ቡፌ ወይም ቁምሳጥን አይጠፋም። ከላይ አረንጓዴ ወይም ክሬም ቀለም ተለቅልቋል፤ ከሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ዋንዛ ወይም ዝግባ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ቀለሙን አንስቶ በቫርኒሽ ማደስ ያዋጣል። ሥራው ሲበላሽ ሁሉም የሚያማርረው ማስለቀቂያውን፣ ማለትም ቀለም የሚያለሰልሰውን ኬሚካል ነው። በእኔ እምነት ጥፋቱ ቀድሞ ይጀምራል፦ ምን ዓይነት ቀለም እንደተቀባ ሳያውቁ መጀመር።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙከራ። ጥጥ አልኮል ንከሩና ዕቃው ጀርባ፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ እሹት። ቡናማው ወይም ቢጫው ልባስ ሟሙቶ ካጣበቀ ጎማላካ የሚባለው የድሮ የእንጨት ማብረቂያ ነው። ለእሱ ማስለቀቂያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ አልኮልና ጨርቅ ይበቃዋል። ቀለሙ ለስልሶ ጥጡ ላይ ከወጣ የውሃ ቀለም ነው። ምንም ካልሆነ የዘይት ቀለም ነው፣ ማስለቀቂያ ይፈልጋል።

ማስለቀቂያውን ቀባሁት፣ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም

ደርቆባችኋል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። የበጋው ፀሐይ ኃይለኛ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። ፀሐይ ላይ የተቀባ ማስለቀቂያ ቀለሙን ሳያለሰልስ ተንኖ ያልቃል። ሌላው ምክንያት ቁጠባ ነው፤ እንደ ቀለም ስስ አድርጎ ብሩሹን እያመላለሱ መቀባት።

ዕቃውን ጥላ ውስጥ አስገቡት። ማስለቀቂያውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ወፈር አድርጋችሁ አልብሱት። ላስቲክ ሸፍኑበትና ተዉት። በስፓቱላ ጫፍ ስትሞክሩት እስከ እንጨቱ ከተላጠ ደርሷል። ካልደረሰ አትታገሉት፣ ድገሙት። በየበዓሉ ሲቀባ የኖረ ዕቃ በአንዴ አይራቆትም።

ጥላ ማለት ግን ዝግ ክፍል አይደለም። ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ያለበት ማስለቀቂያ አየር በሌለበት ቤት ሰው ይገድላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ያገደችውም ለዚህ ነው። ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ በረንዳ ላይ ሥሩ፣ ጓንት አድርጉ።

ብርጭቆ ወረቀቱ ወዲያው ይደፈናል

የዘይት ቀለም በፍትጊያ ሲሞቅ ይለሰልስና ወረቀቱ ላይ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። ብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻ ማለስለሻ እንጂ ቀለም ማንሻ አይደለም። መጀመሪያ በማስለቀቂያና በስፓቱላ አንሱ። እንጨቱ ሲደርቅ በ120 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ180፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ የተፈጥሮ ጭረት አቅጣጫ።

ከዚህ የሚብሰው አቧራው ነው። የድሮ የዘይት ቀለም ሊድ ሊኖረው ይችላል። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በአገራችን ቀለም ውስጥ ያለውን ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳያልፍ የገደበው ደንብ ቁጥር 429 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የእናንተ ቡፌ ከዚያ በፊት የተቀባ ከሆነ፣ ሊድ አለበት ብላችሁ ሥሩ። ቀለሙን ደረቁን አትፈግፍጉ፣ በእሳትም አታቃጥሉ። ልጆችን አርቁ። ፍርፋሪውን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ እንጂ በመጥረጊያ አታቡንኑት። ቀለም ያለበት ስብርባሪም ምጣድ ሥር አይግባ! ሰው እንጨት ነው ብሎ ይማግደዋል፤ ጭሱ ግን ጋጋሪዋ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው።

ቀለሙ ለቀቀ፣ እንጨቱ ግን ጠቆረ

ኮስቲክ ሶዳ ተጠቅማችኋል ማለት ነው። ርካሽ ነው፣ የዘይት ቀለምንም ይበላል። ግን ታኒን የሚባል የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ያለበትን እንጨት ያጠቁራል፣ ኮላውንም ያላላል። በደንብ ካልታጠበ እንጨቱ ውስጥ ቀርቶ በኋላ አዲሱን ቫርኒሽ ያበላሻል። ለማጠብ ደግሞ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባትጀምሩት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሆነ በኋላ፦ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ውሃ በተቀላቀለበት ኮምጣጤ አብሱ፣ እንደገና አለቅልቁ። ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቅ።

ጥቁሩ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ቀለሙን የፈገፈጋችሁበት የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ነው። ብጥስጣሹ እርጥብ እንጨት ውስጥ ቀርቶ ይዝጋል። ኦክሳሊክ አሲድ ካገኛችሁ የዝገቱን ጥቁረት ያነሳዋል። መርዝ ስለሆነ በጓንት፣ ከዚያም በብዙ ውሃ ማለቅለቅ። ወደፊት በሽቦው ፋንታ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያዙ። በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረውን ቀለምም የሚያወጣው እሱ ነው፤ ቦታው ላይ ትንሽ ማስለቀቂያ ጨምራችሁ በጭረቱ አቅጣጫ ጠርጉት።

እግሩ ተነቃነቀ፣ ገጹም አበጠ

ውሃ በዝቷል። የላላውን እግር አውጡ፣ የድሮውን ኮላ ፍቁ፣ በአዲስ ኮላ አጣብቁና አስራችሁ አሳድሩት። ገጹ ያበጠው ግን ከላይ ስስ የእንጨት ልባጥ ስላለው ነው፣ ከሥሩ ኮምፔንሳቶ። እንዲህ ያለውን በውሃም በመፈግፈጊያ ማሽንም አትንኩ። ልባጡ ከተበሳ መልሳችሁ ቀለም ከመቀባት ውጭ ምርጫ የለም።

አዲሱ ቫርኒሽ አልደርቅ አለ

ብዙ ማስለቀቂያዎች ሰም አላቸው፤ ቶሎ እንዳይተኑ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። ያ ሰም እንጨቱ ላይ ከቀረ ቫርኒሹ አይይዝም። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አብሱ፣ አሳድሩት፣ ከዚያ ቀቡ። ሌላው ተጠርጣሪ ክረምት ነው። በሐምሌ እንጨቱም አየሩም እርጥብ ነው፤ የሚቻል ከሆነ ቀለሙን አንስታችሁ ቫርኒሹን ከመስከረም በኋላ አድርጉት። በበጋ ደግሞ ኮረኮንች ዳር ያለ ቤት አቧራው አያስቀባም። ግቢውን ውሃ ረጭታችሁ በጠዋት፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ መኪናም ሳይበዛ ቀቡ።