አዲስ ስልክ ስትሸጡ ገዢው ሲም ሲያስገባ ጣጣ እንዳይመጣ

ካርቶኑ አልተከፈተም፤ ፕላስቲኩም አልተላጠም። ስጦታ መጥቶላችሁ ይሆናል፣ ከቴሌኮም ኩባንያ ጋር ውል ስታድሱ የተሰጣችሁ ይሆናል፣ ወይ ገዝታችሁት ሐሳባችሁን ቀይራችኋል። መሸጡ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ገዢው ደውሎ "ሲሜን አልቀበል አለኝ" ሲል ነው።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ስልኩ አልተበላሸም። ከሦስት ነገሮች አንዱ ይዞታል። አንደኛው የኔትወርክ ሎክ ነው፤ ስልኩ የሸጠውን ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ይመጣል። ሁለተኛው የአካውንት ሎክ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት የአፕል ወይም የጉግል አካውንት ከስልኩ ሳይወጣ ቀርቷል። ሦስተኛው ጥቁር መዝገብ ነው፤ ጠፍቷል፣ ተሰርቋል ወይም ዕዳ አለበት ተብሎ የስልኩ መለያ ቁጥር ታግዷል። ሻጭም ገዢም ሦስቱን ደባልቀው "ሎክ ነው" ይሉና የአንዱን መፍትሔ በሌላው ላይ ሲሞክሩ ይውላሉ። አካውንት የያዘውን ስልክ የኔትወርክ መክፈቻ ኮድ አያድነውም። ጥቁር መዝገብ የገባውንም ፋብሪካ ሪሴት፣ ማለትም ስልኩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር፣ አያወጣውም።

1. ስልኩ ከየት እንደመጣ ለዩ

ከአምራቹ በቀጥታ፣ ሙሉ ዋጋ ተከፍሎበት የተገዛ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። ከቴሌኮም ኩባንያ በቅናሽ ወይም በየወሩ በሚከፈል ክፍያ የመጣውን ግን ተቆልፏል ብላችሁ ጀምሩ። አንዳንድ ኩባንያዎች መክፈቻ የሚሰጡት ስልኩ በእነሱ ኔትወርክ ላይ የተወሰነ ጊዜ ከሠራ በኋላ ነው። ካርቶኑ ያልተከፈተ ስልክ ደግሞ አንድም ቀን አልሠራም። ስለዚህ ዋጋ ያስጨምራል ብላችሁ የያዛችሁት "አልተከፈተም" እዚህ ጋ ሥራ ያበዛባችኋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ዓይነት አለ። ሲሸጥ በማንም ኩባንያ ያልተቆለፈ ይመስላል፤ መጀመሪያ የገባበትን ሲም አይቶ ግን በዚያው ኩባንያ ላይ ይቆለፋል። እንዲህ ያለውን ስልክ "እስኪ ልሞክረው" ብላችሁ የራሳችሁን ሲም ካስገባችሁበት ግማሹን ገዢ በገዛ እጃችሁ አባረራችሁ ማለት ነው። ስልኩ እንዴት እንደተሸጠ እስክታጣሩ ድረስ ሲም አታስገቡበት።

የተከፈተ አይፎን ከሆነ ማረጋገጡ የደቂቃ ሥራ ነው። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ግቡ። ወደ ታች ስትወርዱ "ኬሪየር ሎክ" የሚል መስመር አለ። ከጎኑ "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" የሚል ከሆነ ክፍት ነው። አንድሮይድ ላይ ለሁሉም አንድ የሆነ ቦታ የለም። የሌላ ኩባንያ ሲም ሲገባበት የኔትወርክ መክፈቻ ፒን ከጠየቀ ተቆልፏል።

2. ዕዳውን ዝጉ

ክፍያው ያላለቀ ስልክ አትሽጡ። "ሸጬ ከማገኘው እከፍላለሁ" የሚለው ሐሳብ ጥሩ ይመስላል፤ የአንድ ወር ክፍያ ካለፈ ግን ኩባንያው የስልኩን መለያ ቁጥር ሊያሳግደው ይችላል። ያኔ ገዢው ወራት የሠራበት ስልክ በድንገት ቀጥ ይላል፤ እሱ የሚያውቀው ደግሞ እናንተን እንጂ ኩባንያውን አይደለም። ዕዳውን ስትጨርሱ መክፈቻውንም በዚያው ጠይቁ። ሁለቱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

3. ቁጥሩን ፈትሹ፣ ግን አትበትኑት

እያንዳንዱ ስልክ 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ የሚባል መለያ ቁጥር አለው። ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ቁጥሩም ሁለት ነው። ካርቶኑን ሳትከፍቱ ባርኮዱ ያለበት ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። በተከፈተ ስልክ ላይ *#06# ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የካርቶኑና የስልኩ ካልገጠሙ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሳታጣሩ አትሽጡ።

ቁጥሩን የቴሌኮም ኩባንያዎች በሚያቀርቡት መፈተሻ እዩት። ጂኤስኤምኤ የተባለው የኩባንያዎቹ ማኅበር የታገዱ ስልኮችን የጋራ መዝገብ ይይዛል፤ የማይጠቀሙበት ኩባንያዎች ግን አሉ። አንዱ አገር የታገደ ስልክ ሌላው ጋ ሲሠራ የምታዩት ለዚህ ነው። "ንጹሕ ነው" የሚለው ውጤትም የሚያወራው ስለዚያ ቀን ብቻ ነው። ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾት አስቀምጡ።

ማስታወቂያ ላይ የካርቶኑን ፎቶ ስትለጥፉ ባርኮዱን ሸፍኑ። ቁጥሩን ቀድቶ "የጠፋብኝ ስልክ ነው" ብሎ የሚያመለክት አይጠፋም። ከልቡ ለሚገዛ ሰው ግን ስጡት፤ መፈተሽ መብቱ ነው። እኔ ብሆን ቁጥሩን ከሚደብቀኝ ሻጭ አልገዛም።

4. ማስታወቂያው ላይ እውነቱን ጻፉ

የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን የሞዴሉን ቁጥርም ጻፉ። አንድ ስም ያለው ስልክ ለተለያየ ገበያ ሲሠራ የሚይዘው የኔትወርክ ሞገድም የሲም ማስገቢያውም ሊለያይ ይችላል። ለምሳሌ ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚወጡት የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በሌለው፣ ስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም ብቻ ነው። ገዢው የሚጠቀምበት ኩባንያ ኢሲም የማይሰጥ ከሆነ ስልኩ ምንም ሳይጎድለው አይጠቅመውም። እንደ ቱርክና ፓኪስታን ያሉ አገሮች ደግሞ ከውጭ የገባ ስልክ ካልተመዘገበ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ከኔትወርክ ያወጡታል። ስልኩን ወደ ሌላ አገር ይዞ የሚሄድ ገዢ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ለሁለታችሁም ይሻላል።

ተቆልፎ ከሆነ ተቆልፏል በሉ፤ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነም ጻፉ። ዋጋው ይወርዳል፤ የዚያ ኩባንያ ደንበኛ የሆነ ሰው ግን ደስ ብሎት ይገዛላችኋል።

5. ከፍታችሁት ከነበረ አካውንታችሁን አውጡ

አፕል አክቲቬሽን ሎክ የሚባለውን የአካውንት ሎክ በ2013 ከአይኦኤስ 7 ጋር አመጣ። ጉግል ተመሳሳዩን ጥበቃ በ2015 ከአንድሮይድ 5.1 ጋር ጀመረ። ሌባን ለማስቸገር የተሠሩ ናቸው፤ የሚዘነጋ ሻጭንም አይምሩም። አንድ ቀን ብቻ ገብታችሁበት ቢሆን እንኳን መጀመሪያ ከአካውንቱ ውጡ፣ ቀጥሎ ከሴቲንግ ውስጥ ሪሴት አድርጉ። ሳምሰንግ ከሆነ የሳምሰንግ አካውንቱንም አትርሱ። ስልኩን አጥፍቶ በጎን ቁልፎች የሚደረገው ሪሴት አካውንቱን አያስለቅቅም፤ ስልኩ ሲነሳ የድሮውን አካውንት ይጠይቃል።

አይፎኑ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ትዝ ካላችሁም አልረፈደም። አይክላውድ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ስልኩን ከአካውንታችሁ ማስወጣት ትችላላችሁ። ገዢው ፓስዎርዳችሁን ቢጠይቃችሁ ግን በፍጹም አትስጡ።

6. ርክክብ ላይ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ገዢው ካርቶኑን ከፍቶ፣ ሲሙን አስገብቶ፣ አካውንቱን ከፍቶ ማየት ይፈልጋል። ልክ ነው። ግን በራሱ አካውንት ከገባ በኋላ "ይቅርብኝ" ቢል በሰው አካውንት የተያዘ ስልክ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ያ መጀመሪያ የሚገባበትን ሲም የሚይዘው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በእሱ ኩባንያ ተቆልፎ ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ ዋጋውን ጨርሳችሁ፣ ቀብድ ተቀብላችሁ ነው ካርቶኑ የሚከፈተው። ሰው የሚበዛበት ቦታ ተገናኙ። ካርቶኑ ሲከፈት ቪዲዮ ቅረጹ፤ ሲሪያል ቁጥሩና አይኤምኢአዩ በደንብ ይታዩ። ቆይቶ የተሰበረ ስልክ አምጥቶ "የሸጥህልኝ ይኸው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የምትከራከሩት በዚህ ነው።

ቀጥሎ ገዢው የራሱን ሲም ያስገባ። የስልኩ መነሻ ጥያቄዎች ሲመጡ የአካውንቱን ዝለሉት። ዋይፋይ ይጥፋ። በዋይፋይ ቪዲዮ ማየት መቻል ምንም አያረጋግጥም፤ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ያለ ስልክም በዋይፋይ አሪፍ ይሠራል። ሲግናሉ እስኪመጣ ጠብቁ፣ ወደ እናንተ ስልክ ይደውል፣ እናንተም መልሳችሁ ደውሉለት፣ በሞባይል ዳታ አንድ ገጽ ይክፈት። "ሲም ኖት ሰፖርትድ" ወይም "ኢመርጀንሲ ኮልስ ኦንሊ" ካለ ሽያጩን አቁሙና የትኛው ሎክ እንደሆነ ለዩ። "ነገ ይስተካከላል" ተባብሎ መለያየት ለሁለቱም አይበጅም።

ሁሉም ከሠራ ቀሪው ክፍያ ይፈጸም። በራሱ አካውንት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

7. ገንዘቡን በራሳችሁ አካውንት ላይ እዩ

የገዢው ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። "ገብቷል" የሚል ቴክስትም ክፍያ አይደለም፤ ከባንክ የመጣ አስመስሎ መላክ ይቻላል። የራሳችሁን የባንክ መተግበሪያ ከፍታችሁ ሂሳቡ ላይ ሲገባ እዩ። ከፋዩ በኋላ መልሶ ሊያስመልሰው በሚችል ዘዴ የሚመጣ ገንዘብ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡ።

በፖስታ የምትልኩ ከሆነ ሲፈተሽ አብራችሁ አትኖሩምና የመከታተያ ቁጥርና የተቀባይ ፊርማ ያለው አገልግሎት ምረጡ። ስልኩ ሊቲየም ባትሪ ስላለው ላኪው ድርጅት ለባትሪ ያወጣውን ደንብ ቀድማችሁ ጠይቁ።

8. ከሽያጩ በኋላ

ለገዢው ደረሰኙን ወይም ኮፒውን ስጡት፤ ብዙ ጊዜ ዋስትናው የሚቆጠረው መጀመሪያ ከተገዛበት ቀን ነው። አጭር የሽያጭ ወረቀት ጻፉ፦ ቀን፣ ሞዴል፣ አይኤምኢአይ፣ ዋጋ፣ የሁለታችሁ ፊርማ። ስልኩ በስማችሁ ኢንሹራንስ ተገብቶለት ከነበረ አቋርጡት።