መጀመሪያ የበጋውን ነፋስ ለኩ
ቤቴ ያለው፣ ከነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ተርባይን ላይ የተጻፈው 1000 ዋት ነው። ሦስት ክንፎች አሉት፤ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ነው። በሞቃት ከሰዓት ቅጠል የሚያወዛውዝ ለስላሳ ነፋስ ሲነፍስ ግን 40 ዋት እንኳ አይሞላም። ዕቃው አልተበላሸም። 1000 ዋት የተባለው ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ሲሮጥ ነው። በሰከንድ 4 ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ኃይሉ ግን 27 ጊዜ ያንሳል። የነፋስ ኃይል የሚከተለው የፍጥነቱን ኩብ ነውና፤ ፍጥነቱ 3 ጊዜ ሲያንስ ኃይሉ 3 × 3 × 3 ጊዜ ያንሳል። ተርባይን ለመትከል ያሰባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህችን ስሌት ቀድማችሁ ያዙልኝ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ ግቢ ለኩ። እኔ ረጅም ቧንቧ ጫፍ ላይ ትንሽ የነፋስ መለኪያ አስሬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ደብተር ላይ ጻፍኩ። በጋን የመረጥኩት በብዙ ቦታ ነፋስ የሚደክመው በሞቃቱ ወራት ስለሆነ ነው። የእናንተ ቦታ ተቃራኒ ከሆነም ደብተሩ ይነግራችኋል። የኔ ደብተር ጠዋት ጸጥታ፣ ከሰዓት ነፋስ፣ ማታ እንደገና ጸጥታ ይላል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ታች ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ያለው ፈጣን ነፋስ ደግሞ ይወርዳል። መለኪያ ከሌላችሁ ዙሪያችሁን እዩ። ቅጠልና ቀንበጥ ሳያቋርጥ ሲንቀሳቀስ በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሜትር ገደማ ነው። አቧራና ወረቀት ሲያስነሳ ከ6 እስከ 8 ገደማ። ብዙዎቹ ትናንሽ ተርባይኖች ከ3 ሜትር በታች ምንም አያመነጩም።

ቦታ መምረጥ ላይ ተሳስቼ ነበር። መጀመሪያ የሰቀልኩት ጣሪያ ላይ ነው። ሌሊት ሌሊት ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ልጆቹ እንቅልፍ አጡ። ነፋሱ የጣሪያውን ጫፍ ሲመታ ስለሚዞር ተርባይኑ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አወረድኩት። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የክንፉ ዝቅተኛ ጫፍ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ ቢያንስ 9 ሜትር ከፍ ይበል። እዚህ ረጅሙ ነገር 5 ሜትር የሆነ ዛፍ ነው። 9 ስጨምርበት 14፣ ክንፉ ራሱ 1 ሜትር፤ ምሰሶዬ 15 ሜትር ሆነ። ዛፉ ገና የሚያድግ ከሆነ እሱንም አስቡ። ስለ ከፍታው የአካባቢያችሁን ፈቃድ ጠይቁ፣ ጎረቤትንም አማክሩ።

ምሰሶው ከሥሩ የሚታጠፍ፣ በአራት አቅጣጫ በወጣሪ የብረት ገመድ የተያዘ ይሁን። ለጥገና መውጣት አያስፈልግም፤ ማጋደም ነው። መሠረቱ ኮንክሪት ነው፤ በሙቀት ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ ውኃ አጠጣሁት፤ 28 ቀን ሳይሞላውም ምንም አላቆምኩበትም።

የሚቆመው በጠዋት ነው፣ ነፋስ ሳይነሳ። መጀመሪያ ባዶውን ምሰሶ አቁማችሁ ተለማመዱ። ከምሰሶው ርዝመት በሚበልጥ ርቀት ውስጥ ልጅም ሆነ ተመልካች አይቁም። ከተርባይኑ የሚወርዱትን ሦስት ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኙ፤ እንደ ፍሬን ሆነው ክንፉን ይይዙታል።

ሽቦው ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እየዞረ ያለን ተርባይን ከባትሪ አትንቀሉ። ሸክሙ የተነሳለት ክንፍ ያለ ልክ ይፈጥናል፤ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ዕቃ፣ ኮንትሮለሩን፣ ያቃጥላል፣ ራሱንም ይሰብራል። መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር አገናኙ፣ ተርባይኑ ከዚያ ይከተላል። ባትሪው ሲሞላ ትርፉን ኃይል የሚበላው ማሞቂያ በጣም ይግላል፤ ከእንጨትና ከጨርቅ ይራቅ። ባትሪውን ጥላና አየር ያለበት አስቀምጡ። የአሲድ ባትሪ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል።

በጋ ደካማ ነው ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ደመና ተቆልሎ ሲጠቁር፣ ዝናቡ ሳይደርስ ድንገተኛ ነፋስ ይመጣል። ፍሬኑን አስቀድማችሁ ያዙ። ነፋሱ ከበረታ በኋላ ላይይዝ ይችላል፣ የጄኔሬተሩ የሽቦ ጥቅልም ይቃጠላል። ለመብረቅም ከምሰሶው ሥርና ከየወጣሪው ገመድ ወደ መሬት የተቀበረ የመዳብ ዘንግ አገናኙ።

ከመጀመሪያው ወር በኋላ ምሰሶውን አጋድሜ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጠበቅኩ፤ ሁለቱ ላልተው ነበር። ለጸጥተኞቹ ሳምንታት ደግሞ ሁለት የፀሐይ ፓናል ጨመርኩ፣ በራሳቸው ኮንትሮለር፣ እዚያው ባትሪ ላይ።